ሦስት ሚሊ ሜትር

በትሪየስቴ ከተማ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
የነካኝ አንሶላ ነው፤ እሳት ግን መሰለኝ።
ገና ታጥቦ የወጣ፣ ሳሙና የሚሸት፣
በገዛ እጄ የጠለፍኩት ከሰርጌ በፊት።
ሊቪዮ ያንኮራፋል፣ ጉልበቱን አጥፎ፤
እግሬ ከአልጋው ውጭ ነው፣ ብርድ ልብሱን ገፎ።
ውጭ ቦራ ይጮኻል፣ የከተማችን ነፋስ፣
መስኮት የሚያስጨንቅ፣ ጃንጥላ የሚያፈርስ።
ድሮ እሱ ሲነሳ በየመንገዱ ዳር
ገመድ ይወጠር ነበር፣ ሰው ይዞት እንዲሻገር።
እናቴ በአንድ እጇ እኔን፣ በአንድ እጇ ገመዱን፣
እንዲህ ነበር የወጣነው ያንን ዳገቱን።

መጀመሪያ መርፌው ነው ነገሩን የነገረኝ።
አርባ ዓመት ያወቅኩት ጣቴ ላይ ጠፋብኝ፤
ወጋኝ፣ አልተሰማኝም፤ ያወቅኩት በደሙ፣
በሙሽራዋ ቀሚስ ሲታይ ቀለሙ።
ቀጥሎ የዓይኔ ውሃ፣ ቀጥሎ የአፌ ምራቅ፤
ዳቦ ያለ ውሃ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርቅ
«እርጅና ነው» አለችኝ ጎረቤቴ ኦንዲና።
«በሃምሳ ሁለት ዓመቴ? አልመሸም'ኮ ገና!»

ሐኪሞች ሽቦ አሰሩብኝ፣ ኤሌክትሪክ ላኩብኝ፣
«ነርቭሽ ጤነኛ ነው» ብለው መለሱኝ።
አንዱ ጭንቀት አለው፣ አንዱ የሴት ዕድሜ፤
አንዱ ወረቀት ሰጠኝ፣ «ተኚ» የሚል፣ በስሜ።
ካልገረጣ፣ ካላነከሰ፣ ቁስሉም ካልታየ፣
የሰውን ቃጠሎ ከውጭ ማን አየ?

በሦስተኛው ዓመት
አንዲት ወጣት ሐኪም፣ ቪሲንቲን የምትባል፣
«ጫማሽን አውልቂ» አለች፤ «ትንሽ ይቆነጥጣል።»
ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቆዳዬን በስታ
ሦስት ሚሊ ሜትር ወሰደች፣ ቀስ ብላ፣ በእርጋታ።
ሦስት ሚሊ ሜትር! ቀሚስ የጠበባት
ሴት ስትመጣ ከጎኑ የምፈታላት።
ያችን ቁራጭ ቆዳ በማጉሊያ አይተው
ክር ቆጠሩ አሉ፣ አንድ በአንድ ለይተው፤
ሲሶው ቀረ አሉኝ፤ ሌላው ተበጥሷል፣
እንደ አሮጌ ጃኬት ገበር ተበልቷል።
«ማን በላው?» ስል ጠየቅኩ። ጥቂት ዝም አለችና
«የገዛ ዘበኛሽ፣ ሌባ መሰልሽውና።»
ስሙንም ነገረችኝ፣ የስዊድን ሐኪም ስም፤
ሾግረን ይባላል፤ ለአፌ አልተመቸኝም።
ማልቀስ ፈለግኩ ያኔ፣ ከደስታ ይሁን ከሐዘን፤
እንባዬ ጠርሙስ ውስጥ ነው፣ በቦርሳዬ ጎን።
አውጥቼ ጠብ አደረግኩ፤ እሷም መስሏት ለቅሶ
መሀረብ ሰጠችኝ፣ ድምጿ ተለሳልሶ።

አሁን ካልሲዬን ገልብጬ አጠልቃለሁ፣
ስፌቱ ወደ ውጭ፤ ሰው ሲያይ እስቃለሁ።
ውሃ ስታጠብ በክርኔ፣ እንደ ሕፃን ገላ፣
ሙቀቱን እለካለሁ፣ እንዳልላጥ ኋላ።
አንዳንድ ቀን ደህና ነኝ፤ ገበያም እወርዳለሁ፣
ሳርዲን እመርጣለሁ፣ በዋጋ እጣላለሁ፤
አንዳንድ ቀን ደግሞ ከአልጋዬ ስነሳ
ልቤ ሽምጥ ይጋልባል፣ የልጄን ስም እስክረሳ።
መድኃኒቱ ይረዳል፣ ግማሽ መንገድ ድረስ፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን በዚሁ እግሬ ልጨርስ።

ሊቪዮ መንካት ፈራ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
በእግሩ አቅፎ እግሬን ነበር ማደር አመሉ።
አሁን መሃላችን ትራስ አለ፣ ድንበር፤
እኔው ነኝ የሰፋሁት፣ በሰማያዊ ገበር።

ይኸው ቦራው ጨከነ፤ መብራቱን ቆረጠ፤
ሊቪዮ ማንኮራፋቱን ትቶ ተገላበጠ።
«ኒቬስ፣ የት ጋ ልንካሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።
ማንም አልጠየቀኝም፣ ስንከራተት ጠዋት ማታ።
አሰብኩ። በሐሳቤ ዞርኩት ገላዬን፤
ክንዴን አይሆንም አልኩ፣ ጉልበቴን፣ ትከሻዬን።
ከጆሮዬ ኋላ፣ ጸጉር የሚጀምርበት፣
አንድ ቦታ አገኘሁ፣ እሳቱ ያልደረሰበት።
ሦስት ሚሊ ሜትር ትሆናለች ብትለካ፤
ለአንድ ጣት ጫፍ ግን ትበቃ ኖሯል ለካ።

ጣቱን እዚያ አኖረ፤ አልተነፈስኩም ለጊዜው።
አልነደደም። ጣት ነው። የሊቪዮ ጣት ይኸው።
ነፋሱ ቤቱን ናጠ፤ ታች አንድ መስኮት ወደቀ፤
«አትልቀቅ» አልኩት ብቻ። ዳገቱ አላለቀ።